«አያቴ፣ ምጪ!»

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ4 ዓመት ልጄ በቪዲዮ ሲደዋወሉ አያቱን «አያቴ፣ ምጪ» ይላታል። እናቴ በሳቅ ሞተች። «ነይ በል» ብዬ ባርመውም አልሰማ አለኝ። በእንግሊዝኛም «ሄደ» ለማለት «ዌንት» በማለት ፈንታ፣ «ጎ» (ሂድ) ከሚለው ተነስቶ «ጎድ» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች ተደባልቀውበት ይሆን?

መልስ፦ ኧረ ምንም አልተደባለቀበትም! እንዲያውም ሰዋስው ገብቶታል። «ሰማ» ካልን «ስማ» እንላለን፤ «በላ» ካልን «ብላ»። ታዲያ ከ«መጣ» ተነስቶ «ምጣ»፣ ለሴት ደግሞ «ምጪ» ቢል ምን አጠፋ? ከሕጉ ያፈነገጠው ግሱ ራሱ ነው።

የሚገርመው፣ «መጣ» የሚያምፀው አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሰው ስንጠራ «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ» እንላለን። ስንከለክል ግን «አትምጣ»፣ «አትምጪ» ብለን ወደ ሕጉ እንመለሳለን። «አትና» የሚል ሰው የለም። ለሌላ ሰው «ይምጣ»፣ በአክብሮት ስንጠራም «ይምጡ» ነው። (አያትን «አንቺ» ማለት ይገባል አይገባም የሚለውን ለእናንተ ልተወው፤ ጠብ ያመጣል።)

ነገሩ የቆየ ነው። ግዕዝ «መጽአ» ይልና ሲጠራ «ነዓ» ይላል፣ ለብዙ «ንዑ»። ወንጌል ላይ «ንዑ ኀቤየ» የሚለው፣ ጎረቤት «ኑ ቡና ጠጡ» ሲለን ከምንሰማው «ኑ» ጋር አንድ ነው። ትግርኛም «መጸ» እና «ንዓ» አለው። ዐረብ አገር የሠሩ ደግሞ «ተዓል» ሲባሉ ኖረዋል፤ እሱም «መጣ» ከሚለው የዐረብኛ ግስ አልወጣም።

የእንግሊዝኛው «ዌንት» የተዋሰ ልብስ ነው። ጥንት «ዌንድ» የሚባል የሌላ ግስ አላፊ ጊዜ ነበር፣ ልክ «ሴንድ» (ላክ) ብሎ «ሴንት» (ላከ) እንደሚባለው። «ጎ» የራሱን ጥሎ የሰው ለበሰ። እንዲህ ያለ ግስ ሳይስተካከል የሚኖረው በየቀኑ ስለምንሰማው ነው። ብዙ የማይነሳው ግን ቀስ በቀስ ሕጉ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ እርማቱን ይተዉት። ይልቅ ደጋግመው ይጥሩት፦ «ና፣ እራት ቀርቧል»። እህት ካለችው እሷን «ነይ» ሲሏት ይስማ። «ምጪ» ሳታውቁት ይጠፋል። «እንካ» አላፊ ጊዜ እንደሌለው ግን ገና አይንገሩት።