«እጅሽ ይባረክ» ብቻ አይበቃም

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ወገኖቼ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ክርስትና ወይም ሰርግ ሲደርስ በቅርቡ በስደት የመጣች አንዲት ባለሙያ እህት ትጠራለች። ሽንኩርት ስታቁላላ ታመሻለች፣ እንጀራ ስትጋግር ታድራለች። በማግስቱ እንግዳው በልቶ «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። ባለ ድግሱም ትንሽ ብር በፖስታ ያስጨብጣታል። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን የቤት ኪራይ በምስጋና አይከፈልም።

ከእነዚህ ሴቶች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። የእኛዎቹም፣ ኤርትራውያኑም፣ ሱዳናውያኑም አሉ። ሙያ የጎደላት አላየሁም። የሚጎድላቸው ሒሳብ፣ ፈቃድና መነሻ ገንዘብ ነው። እኛ ደግሞ እዚህ አገር ስንኖር ሦስቱንም ተምረናል።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችኋት ተቀመጡ። አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ስንት ያስወጣሻል በሏት። ዶሮውን፣ ሽንኩርቱን፣ እንቁላሉን ትቆጥርና ታቆማለች። በርበሬውስ? «እሱማ ከቤት ነው፣ እናቴ ናት የላከችልኝ።» ቅቤውስ? «እሱም ከቤት ነው።» የእናት በርበሬ ሲያልቅ ግን ከሱቅ በፓውንድ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ዛሬውኑ በሱቅ ዋጋ ይጻፍ። ከዚያ ፎይል ትሪው አለ፣ ጋዙ አለ፣ የመኪናው ነዳጅ አለ። በመጨረሻ የራሷ ሰዓት ይመጣል። ሽንኩርቱ በደረቁ እስኪቁላላ ብቻ ስንት እንደሚፈጅ እናንተም ታውቃላችሁ። ያንን ሰዓት በሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ፣ በ15 ዶላር፣ አስልታችሁ አሳይዋት። ብዙዎቹ ድምሩን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ስትሸጥ የኖረችው በኪሳራ መሆኑን የምታውቀው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ፈቃድ። ሜሪላንድ ውስጥ ፍሪጅ የማያስፈልገውን፣ ለምሳሌ ዳቦና ዳቦ ቆሎ፣ ከቤት ጋግሮ መሸጥ ይቻላል። የዓመት ሽያጩ ግን ከ50,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ማሸጊያው ላይም ምን እንደገባበትና ከቤት እንደተሠራ ይጻፋል። ወጥና ሥጋ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ያለው ኪችን ግድ ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ የየራሳቸው ሕግ አላቸውና ከመጀመሯ በፊት የአካባቢውን ጤና ቢሮ አብራችኋት ጠይቁ።

ስለ ማሸጊያው አንድ አደራ አለኝ። እዚህ አገር የሚጋገረው እንጀራ ብዙውን ጊዜ ቅልቅል ነው። ገብስ ወይም ስንዴ ከገባበት ግሉተን የሚባለው የእህል ፕሮቲን አለበትና «ግሉተን የለውም» ተብሎ በፍጹም አይጻፍ። ሲሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን የማያስማማው በሽታ ያለበት ሰው አምኖ ቢበላ ይታመማል።

ኪችኑ ከየት ይምጣ? ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ላ ኮሲና የሚባል ድርጅት አለ። በ2005 ነው የተቋቋመው። ገቢያቸው ዝቅ ላሉ፣ በተለይ ለስደተኛ ሴቶች፣ ኪችን በቅናሽ እየሰጠ ንግዱን ያስተምራል። ታይላንድ በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ የተወለደች አንዲት ካምቦዲያዊት በዚያ አልፋ ኦክላንድ ላይ የራሷን ምግብ ቤት ከፍታ ነበር። እኛም ምግብ ቤቶች አሉን፣ ሰኞ ሰኞ የሚዘጉ። የቤተ ክርስቲያን አዳራሾችም አሉን፣ ከእሑድ እስከ እሑድ ኪችናቸው ባዶ የሚውል። ፈቃዱ ተሟልቶ፣ ውል ተፈርሞ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ቢከራዩ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

የንግድ ፈቃዱም የባንክ ሒሳቡም በስሟ ይሁን። «እንግሊዝኛዋ እስኪሻሻል በእኔ ስም ይሁን» የሚባለውን ነገር እቃወማለሁ። ሥራው ሲያድግ ጸብ ያመጣል፣ እሷም የታክስ ታሪክ ሳይኖራት ትቀራለች። የወረቀት ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝታ የመጣች ሴት ከገባች ጀምሮ መሥራት ትችላለች። ጥገኝነት ጠይቃ የምትጠብቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋታል። የራስ ሥራም ሥራ ነው። ጠበቃዋን ሳትጠይቅ «ግድ የለሽም፣ ጀምሪ» አትበሏት። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) ወይም ሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና ሽፋን) የምታገኝ ከሆነም ገቢዋን ታሳውቅ።

ለመነሻው ዕቁባችን አለልን። አስገቧትና የመጀመሪያውን ዕጣ ለእሷ ስጡ። ምጣዱም፣ ትልልቁ ድስትም፣ ኢንሹራንሱም ከዚያ ይወጣል። ዕቁብ ግን ክሬዲት፣ ማለትም ባንክ የሚያየውን የብድር ታሪክ፣ አይገነባም። አርሊንግተን የሚገኘው፣ በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ በሚባለው ክንፉ በኩል ለስደተኞች አነስተኛ የንግድ ብድር ሲሰጥ ቆይቷል። እዚያ ውሰዷት፣ ቅጹንም አብራችኋት ሙሉ።

ገበያዋ ሐበሻ ብቻ እንዳይሆን አግዟት። የጾም ምግባችን ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ለማይበላው ለቪጋኑ ምንም ሳይጨመርበት የተዘጋጀ ነው። የቅዳሜ ገበሬዎች ገበያ ላይ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ስታቀርብ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጠገቧ ቁሙ፣ ስለ ምግቡ ለሚጠይቃት አስረዱላት።

እኛ ራሳችን ስናዝዝም እንደ ደንበኛ እንዘዝ። «ለእኛ ለእህቶችሽማ ቀንሺልን» ይቅር። ለአሜሪካዊው ኬተሪንግ የተጠየቅነውን ያለ ክርክር እንከፍል የለ? ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የምትፈልጉ ከሆሳዕና በፊት የሰዉን ብዛት ንገሯትና ግማሹን ቀብድ ስጧት። ዶሮውን የምትገዛው በዚያ ብር ነው።