ጥያቄ አለኝ፦ «አዝማሪ እንድትሆኚ ነው ያስተማርኩሽ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር እንዴት ነዎት፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ጨርሻለሁ። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፣ ክራርም እንደነገሩ እጫወታለሁ ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ዩቲዩብ እያየሁ ነው የለመድኩት፣ ኖታ ማንበብ አልችልም። ዘፋኝ መሆን አልፈልግም፣ እኔ የምፈልገው ትምህርት ቤት ገብቼ ልጆችን ሙዚቃ ማስተማር ነው። ይሄን ለአባዬ ስነግረው «አስራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?» አለኝና ሶስት ቀን ዘጋኝ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሻለኛል ወይስ መምህራን ኮሌጅ? ኖታ ሳልችል ይቀበሉኛል? አባዬንስ ምን ልበለው?
የክራሯ ልጅ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ከአባትሽ ልጀምር፣ እሳቸው ከተስማሙ ሌላው ይቀላል። አዝማሪ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነው የተጠቀሙበት አይደል፣ ግን አዝማሪ «ዘመረ» ከሚለው ነው የመጣው፣ አንቺ ሰንበት ትምህርት ቤት የምትዘምሪው መዝሙርም ከዛው ቃል ነው የወጣው። ይሄን ስትነግሪያቸው ግን በክርክር መልክ አይሁን፣ ቡና ላይ ቀስ ብለሽ ጣል አድርጊው። ትምህርት ቤቱ ራሱ የተሰየመው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን በደረሰው በቅዱስ ያሬድ ስም ነው፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደም አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በኋላም ዶክትሬታቸውን የሠሩ ሰው ናቸው። አባቶች ዶክትሬት የሚል ቃል ሲሰሙ ትንሽ ይለዝባሉ (የኔም አባት እንደዛ ነበሩ)። በዛ ላይ አንቺ የምትሆኚው መምህርት ነው፣ እሱን ቃል ደጋግመሽ ተናገሪው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ያሬድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፣ ለመግባት ከ12ኛ ውጤት ሌላ የመግቢያ ፈተና አለው፣ ገብተሽ ደግሞ አንድ ዋና መሣሪያ ይዘሽ ነው የምትማሪው፣ ክራርም ማሲንቆም ዋሽንትም እንደ ቫዮሊንና ፒያኖ ሁሉ ዋና መሣሪያ ይሆናሉ። እዛ የሚሠራው በዋናነት ተጫዋች ነው። መምህራን ኮሌጅ ደግሞ ፔዳጎጂው (የማስተማር ዘዴው) ይበዛል፣ እንዴት ክፍል ይያዛል፣ የትምህርት ዕቅድ እንዴት ይወጣል፣ እንዴት ይፈተናል፣ የመሣሪያ ሰዓቱ ግን ያንሳል። የኔን ሐሳብ ካልሽኝ ጆሮሽና እጅሽ ገና አልተገራም፣ ስለዚህ ያሬድን ሞክሪ፣ ማስተማሩን በጎን ጨምሪበት፣ ክረምት ክረምት የሰፈር ልጆች ሰብስቢ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናቱን ያዢ። በደንብ የሚጫወት ሰው ማስተማር ሲለምድ አይቻለሁ፣ ዕቅድ አሳምሮ የሚጽፍ ግን ዜማ ሲሳሳት የማይሰማ መምህር አርባ ዓመቱ ላይ ጆሮ ሊያወጣ ሲል ግን አላየሁም።

ኖታ አለመቻልሽ አያስፈራሽ፣ ኖታ ፊደል ነው ይለመዳል። ይልቅ ጆሮሽን አሁኑኑ አሠሪው። ክራርሽን በትዝታ ሜጀር ቅኝት ስትቃኚ እኮ የምታወጪው ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ፋ እና ሲ የሉበትም። በይ በክራሩ እየመታሽ በድምፅሽ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ እያልሽ ዝፈኚው፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ከዛ እየዘለልሽ፣ ከዶ ወደ ሶል ከሬ ወደ ላ። ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በጆሮ ለይተሽ መናገር ከቻልሽ ከብዙ አመልካች ትቀድሚያለሽ። ኪቦርድ የምታገኚበት ቦታ ካለ ደግሞ ጥቁሮቹን ብቻ ንኪ፣ ሶስት ሶስት ሆነው ከተደረደሩት ከመጀመሪያው ተነስተሽ ወደ ቀኝ አምስቱን ተከታትለሽ ብትመቺ ያው ትዝታ ሜጀር ይመጣልሻል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ሦስተኛ ዓመት ገብቼ ነው፣ ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ሳትሰሚ እንዳትገቢ ግን። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን ለብቻው አላስቀመጠውም፣ ክወናና እይታ ጥበባት በሚል አንድ ትምህርት ውስጥ ከቲያትር ከውዝዋዜና ከሥዕል ጋር ነው ያለው። ሙዚቃ አስተምራለሁ ብለሽ ገብተሽ ሰኞ ቀለም ስታደባልቂ ረቡዕ ድራማ ስታሠሪ ልትገኚ ትችያለሽ። እኔ በበኩሌ ቅር ይለኛል፣ አንድ ሰው አራቱንም እኩል አይችልም፣ ግን ሥራው ይሄ ነውና ሥዕልም ትንሽ ሞካክሪ። ደሞ ቲያትር የቻለ መምህር ክፍል አይረብሽበትም።

ጥያቄ፦ ቲቸር ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ወጥቼ 5ኛ ክፍል ሰጡኝ፣ 64 ተማሪ ነው። ሆያ ሆዬን ላስተምር ብዬ እኔ ሳወጣ ልጆቹ እንደ ጎልማሳ እያጉረመረሙ ተቀበሉኝ፣ ግማሾቹ ሳቁ፣ ኪቦርዱም መብራት ሲጠፋ ዝም አለ። ዜማ የማይዙ ልጆች ናቸው ወይስ እኔ ነኝ?
ግራ የገባው

መልስ፦ አንተ ነህ፣ አይክፋህ። ያንተ ድምፅ ከልጆቹ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ዝቅ ያለ ነው፣ በሚመችህ ቦታ ስታወጣላቸው እነሱ አንተን ለመምሰል ወደ ታች ይወርዳሉ፣ እዛ ደግሞ ድምፅ የላቸውም፣ ስለዚህ ያጉረመርማሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከክፍሉ ዜማ የምትይዝ አንዲት ልጅ ፈልግና እሷ ታውጣ፣ አንተ ምቱን በጭብጨባ ያዝ። አለዚያ ፋልሴቶ (አቅጥነህ የምታወጣውን ድምፅ) ተጠቀም፣ መጀመሪያ ቀን ይስቁብሃል ሦስተኛው ቀን ይረሱታል። ለዚህ ዕድሜ ከመካከለኛው ዶ (ኪቦርዱ መሃል ካለው) አጠገብ ካለችው ሬ እስከ ላ ድረስ ያለው ይመቻል፣ ዜማውን እዛ አስገባው።

7ኛና 8ኛ ሲሰጡህ ደግሞ የወንዶቹ ድምፅ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ያኔ ለብቻቸው በሁሉ ፊት አታዘፍናቸው፣ አንዴ ከተሳቀበት ያ ልጅ ዳግመኛ አፉን አይከፍትልህም።

ሆያ ሆዬን መምረጥህ ግን ጥሩ ነው፣ አውጪና ተቀባይ ያለው ዘፈን ለ64 ልጅ ይሆናል፣ ሁሉም ቦታ አለው። ኪቦርዱን ለጊዜው እርሳው። ክፍሉን ሁለት ቦታ ክፈል፣ ግማሹ ዴስክ እየመታ ምቱን ይያዝ፣ ግማሹ ይቀበል፣ ከዛ ቀይራቸው። ዴስክ ስታስመታ ጎረቤት ክፍል ያለው የሂሳብ መምህር መምጣቱ አይቀርም፣ ቀድመህ ሄደህ ንገረው።