«ሰርኪዩት ምን ያደርግልሻል?»

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ኮምፒውተር ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ ገብተሽ አንደኛ ዓመትሽን ልትጨርሺ ነው። የሚከፍልልሽ ታላቅ ወንድምሽ ግን «ሰርኪዩትና ፊዚክስ ምን ያደርግልሻል? ኮድ በስድስት ወር ይለመዳል፤ አቋርጪና ሥራ ያዢ» እያለሽ ነው። ሒሳቡ ይከብደኛል፣ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ኤአይ ኮዱን ሁሉ ሊጽፈው ነው የሚልም ጨምረሻል።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ላፕቶፑ ይበቃሻል፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫኚበት። ካልኩለስን እንደምንም እለፊው፤ ሲግናልስ የሚባለው ኮርስ ላይ ተመልሶ ስለሚመጣ ግን ደብተሩን አትጣዪ። ኤአይ ኮድ ይጽፍልሻል፤ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) ይዞ ቦርዱ አጠገብ አያድርልሽም።

ያናደደኝ የወንድምሽ ነገር ነው።

ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት የሙቀት መጠን የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበር። መሣሪያው ሰባት ሳምንት ያህል በሰላም ይሠራና ድንገት ቀጥ ይላል። አጥፍተሽ ስታበሪው ይነሣል። «የመብራት ጣጣ ነው» ተባለና ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ። ሴንሰሩም ተቀየረ። ጎበዝ ጎበዝ ፕሮግራመሮች ኮዱን ደጋግመው አዩት፤ ምንም የለበትም አሉ።

አንድ ከሰዓት ከባልደረባዬ ጋር ከበራበት እስከቆመበት ያለውን ጊዜ ቆጠርን። ሁሌም 49 ቀን ከምናምን ሰዓት። ስልኬን አውጥቼ ማካፈል ጀመርኩ። ቺፑ ጊዜን የሚቆጥረው በሚሊሰከንድ ነው፤ መቁጠሪያው 32 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ የሚያዝባቸው 32 ቦታዎች) ስለሆነ ከ4,294,967,295 በላይ አይሄድም። በቀን ውስጥ 86,400,000 ሚሊሰከንድ አለ። ሲካፈል 49.7 ቀን! መቁጠሪያው ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ቀጣዩ የመመዝገቢያ ሰዓት ግን የተያዘው ከዚያ በላይ በሚሄድ የ64 ቢት ቁጥር ነበር። ስለዚህ ኮዱ ቆጣሪው ፈጽሞ የማይደርስበትን ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር።

ኮዱን ያዩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ከኮዱ ሥር ያለውን ቺፕ የሚያይ ስላልነበረ ነው። ዲጂታል ሎጂክ፣ ኮምፒውተር አርክቴክቸር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምትማሪው ለዚህ ነው። ህልምሽ ዌብሳይት መሥራት ብቻ ከሆነ ወንድምሽ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በአጭር ኮርስ ጀምረው ጥሩ ቦታ የደረሱ አውቃለሁ። እኔ ግን ኑሮዬን ያቆምኩት በዚሁ በቦርድና በሽቦ ነውና ወገንተኛ ነኝ፤ ይህን እያሰብሽ አንብቢኝ።

ወንድምሽ ገንዘቡን መቁጠሩ አያስወቅሰውም። ከፋይ ስለሆነ ብቻ ሙያ መራጭም ልሁን ሲል ግን አበዛው። አቅሙ ካለቀ «አልቻልኩም» ይበልሽ፤ ያ የተከበረ ቃል ነው፣ መፍትሔም ይፈለግለታል። ደንቡ ከፈቀደ ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ሞልተሽ አንድ ዓመት ሠርተሽ ትመለሻለሽ። «ትምህርቱ አይረባም» እያለ በችግሩ ላይ ሌላ ስም አይለጥፍበት።

በዚህ እረፍት አርዱዊኖ ኡኖ R3 የሚባለውን ትንሽ የመማሪያ ቦርድ ፈልጊ፤ ከላብራቶሪ በውሰትም ቢሆን። ላዩ ላይ ያለው ቺፕ ራሙ (የሥራ ማስታወሻው) 2 ኪሎባይት፣ ማለትም 2,048 ባይት ብቻ ነው። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) አንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ 682 ፊደል ሲሞላ አለቀ ማለት ነው። የላክሽልኝ ደብዳቤ እንኳ አይገባበትም። እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ የሆነ ነገር የሚቆጥር ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፊ፣ እስኪሞላም አስቆጥሪው። ሁለት ሳምንት ታገዪው። ከሰለቸሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ስለ ስድስት ወሩ ኮርስ ያኔ እናወራለን።