መልስ፦ አንድ ሶኬት ቤቱን ሁሉ ሲያውክ

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ቤትህ ውስጥ አዲስ ስማርት ሶኬት ከሰካህ ወዲህ የሳሎኑ አምፖልና የበሩ ሴንሰር አልታዘዝ አሉኝ ብለሃል። ዋናውን መቆጣጠሪያ ለመቀየር አትቸኩል። እኔ የምጠረጥረው ሶኬቱን ነው።

በዚግቢ፣ ማለትም እንዲህ ያሉ የቤት ዕቃዎች ያለ ሽቦ በሚነጋገሩበት ስልት፣ ኮረንቲ ላይ የተሰኩ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን መልእክት ያቀብላሉ። በባትሪ የሚሠሩት ግን አያቀብሉም፤ አንድ አቀባይ ይዘው ይቀመጣሉ። አቀባዩ ብልሽት ካለበት ሴንሰሩ «በሩ ተከፈተ» ይላል፣ ሶኬቱ ይቀበላል፣ መልእክቱ እዚያው ይቀራል። ክፋቱ፣ ሶኬቱ ራሱ ከስልክህ ስታዘው እሺ ስለሚል ማንም አይጠረጥረውም።

ስለዚህ ንቀለው። ወዲያው ካልተስተካከለ ተስፋ አትቁረጥ፤ ሴንሰሮቹ ሌላ መንገድ እስኪያገኙ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። አንዳንዱ ሴንሰር ደግሞ እልኸኛ ነው፤ ከተተከለበት ቦታ ሳታነሳው እንደገና ማገናኘት ይኖርብሃል። ሁሉም ከተመለሰ ሶኬቱን ለሻጩ መልስለት።

ካልተመለሰ ዋይፋይህን እይ። ዚግቢም ዋይፋይም በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ሲሠሩ ሊረባበሹ ይችላሉ፤ መቆጣጠሪያውን ከራውተሩ አርቀው። ችግሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብቻ የሚብስ ከሆነም ጻፍልኝ፣ የምንፈልገው ሌላ ነገር ይሆናል።