ለሦስት ሳምንት ጃፓን ልሄድ ነው፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። መስሪያ ቤቴ ለስልጠና ለሦስት ሳምንት ቶኪዮ ሊልከኝ ነው፣ ስልጠናው በእንግሊዝኛ ነው ተብያለሁ ግን ከክላስ ስወጣ ዝም ብዬ ሰው እያየሁ መዋል አልፈልግም። አፕ አውርጄ ጀምሬ ነበር፣ ሰላምታው ብቻ የጠዋት የቀን የማታ እያለ ሲመጣብኝ ተውኩት። በዚህ አጭር ጊዜ ምን ብማር ይሻለኛል? ባህላቸው ላይስ ምን ልጠንቀቅ? ደሞ ፆም ላይ ነው የምሄደው።
ተጓዧ

መልስ፦ እህታችን መልካም መንገድ ይሁንልሽ። ሰላምታው በዛብኝ ማለትሽ ግን አሳቀኝ፣ አማርኛ እኮ አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ ብሎ ሳይጨርስ ዋልክና አመሸህን ይጀምራል፣ ያንን የቻልሽ ሰው ኦሃዮ ጎዛይማስ የሚለው የጠዋት ሰላምታ አያቅትሽም።

እኔን ካየሽኝ ግን ከቃል በፊት ካታካና የሚባለውን ፊደል ተማሪ። ብዙ ሰው ቃል ይሸመድድና እዛ ሄዶ ሲናገር መልሱ በፍጥነት ይመጣበታል፣ ይደነግጣል፣ ያቆማል። ፊደል ግን እስክታነቢው ቆሞ ይጠብቅሻል። ጃፓኖች ሦስት ዓይነት ነው የሚጽፉት፣ ካንጂ ከቻይና የመጣው በሺዎች የሚቆጠር ስለሆነ እሱን ለጊዜው እርሺው፣ ሂራጋናና ካታካና ግን መሠረታዊው እያንዳንዳቸው 46 ብቻ ናቸው፣ ደሞ አንዱ ምልክት እንደኛው ፊደል ድምፁን ከነአናባቢው ይዞ ነው የሚመጣው፣ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ እያለ። ከ200 በላይ ፊደል በልጅነቷ ለቆጠረች ሰው ይሄ ምንም አይደለም። የሚያስቸግረው የኛ ካ እና ኪ ዘመዳማቾች መሆናቸው ሲታዩ ያስታውቃሉ፣ የነሱ ግን መልካቸው ጭራሽ አይገናኝም፣ አንድ በአንድ መያዝ ነው ያለው። ትርፉ ምንድነው ካልሽኝ፣ ካታካና በብዛት የሚጻፍበት ከውጭ የገባ ቃል ስለሆነ ድምፁን ካወጣሽው ትርጉሙን ራስሽ ትደርሺበታለሽ፣ ሆቴሩ ሆቴል፣ ታኩሺ ታክሲ፣ ኮሂ ቡና፣ ቶይሬ ሽንት ቤት ነው፣ እንዲህ ያለው ሜኑ ላይና ታፔላ ላይ ሞልቷል።

ዓረፍተ ነገሩም ቢሆን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለኛ ይቀርባል፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ "አልሆነም" የሚለውም እዛው ግሱ ላይ ይለጠፋል። ሳካና ዋ ታቤማሴን፣ ዓሣ አልበላም፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ኒኩ ዋ ታቤማሴን ደሞ ሥጋ አልበላም።

ፆምሽን በተመለከተ ግን ይሄ ብቻውን አያድንሽም። ዳሺ የሚባል መረቅ አላቸው፣ በብዛት ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም የሚሠራ፣ ሚሶ ሾርባ ውስጥ አለ፣ የኑድሉ መረቅ ውስጥ አለ፣ አትክልት ነው ብለሽ ያዘዝሽውም በሱ ተቀቅሎ ሊሆን ይችላል። አስተናጋጇ ዓሣ የለውም ስትልሽ ቁራጭ ዓሣ የለውም ማለቷ ነው እንጂ ልትዋሽሽ አይደለም። ስለዚ እንደደረስሽ ከስልጠናው አስተባባሪዎች አንዱን ለምኚና ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ ዳሺም አልበላም የሚል በጃፓንኛ ወረቀት ላይ ያጽፉልሽ፣ ፎቶ አንሺው፣ በየሄድሽበት አሳዪ። አንድ ቀን ገንዘብ መድበሽ ሾጂን ሪዮሪ ፈልጊ፣ የቡድሂስት መነኮሳት ምግብ ነው፣ ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ እኔ ለፆመኛ ከዛ የተሻለ አላውቅም።

ባህሉ ላይ መጀመሪያ የሚገጥምሽ የስም ጉዳይ ነው። እነሱ ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስም ላይ ሳን የሚል የአክብሮት ቃል ጨምረው ነው፣ የኛ ፓስፖርት ላይ ደሞ መጨረሻ ላይ ያለው የአያት ስም ነው፣ እና የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አያትሽን በክብር ሲጠሩ ልትሰሚ ትችያለሽ። ስትተዋወቂ የምጠራው በዚህ ነው ብለሽ ንገሪያቸው፣ ራስሽ ስም ላይ ግን ሳን አትጨምሪ፣ ለራስ አይባልም። ቢዝነስ ካርድ ሲሰጡሽ በሁለት እጅ ተቀበይ፣ አንብቢው፣ ወዲያው ኪስ ውስጥ አትወርውሪው። በሁለት እጅ መቀበል መቼም ላንቺ አዲስ አይደለም።

ቤት ስትገቢ ጫማ በር ላይ ይቀራል፣ ነጠላ ጫማ ይሰጡሻል፣ የሳር ምንጣፉ ታታሚ ላይ ግን እሱም ይወልቃል፣ ሽንት ቤት ደሞ የራሱ ነጠላ ጫማ ሊኖረው ይችላል፣ እሱን አድርገሽ ሳሎን አትመለሺ። በቾፕስቲክ ስትበዪ ሩዙ ላይ ቀጥ አድርገሽ አትትከያቸው፣ ከሰው ቾፕስቲክም ወደ ቾፕስቲክ ምግብ አታቀባበዪ፣ ሁለቱም የቀብር ሥርዓታቸው ውስጥ ያለ ስለሆነ ገበታ ላይ ይከብዳል። ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። ጉርሻ ማለቴ ቲፕ አይሰጥም፣ ረሳሽው ብለው ሊያመጡልሽ ይችላሉ። የቆሻሻ መጣያ መንገድ ላይ ብዙ አታገኚም፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሳሪን በሚባል መርዛማ ጋዝ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ብዙ ቦታ ተነስቷል፣ ቦርሳሽ ውስጥ ፌስታል ያዢ።

ከቃል ደሞ ሱሚማሴንን፣ ይቅርታ እንደማለት ነው፣ አጥብቀሽ ያዢ፣ አስተናጋጅ ስትጠሪም፣ ሰው ስትገፊም፣ መንገድ ስትጠይቂም ይሠራል። ኮሬ ኩዳሳይ ብለሽ በጣትሽ ካሳየሽ ይሄን ስጡኝ ነው። ሌላው እዛው ይመጣል።

ጥያቄ፦ እኔም ለጉብኝት ወደዛው ነኝ፣ ለሚቀበሉኝ ሰዎች ስጦታ ምን ልያዝ? እናቴ ቋንጣና ቡና እያለች ነው።

መልስ፦ እማማን አመስግንልን፣ ግን ቋንጣው ይቅር። ጃፓን የሥጋ ውጤት ያለ ምርመራ ሰርተፍኬት አታስገባም፣ ደረቅም ቢሆን ኤርፖርት ላይ ይወሰድብሃል። ቡናው የተቆላ ይሁን፣ ጥሬው ከሆነ የእጽዋት ኳራንቲን ምርመራ አለበት። ሦስት ወይ አምስት አድርገህ ጠቅልል፣ አራት አይሁን፣ የአራት ቁጥር አንዱ አጠራር ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል አይወዱትም። በሁለት እጅ ስጥ፣ ፊትህ ካልከፈቱት ደሞ አትቀየም፣ ብዙዎቹ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የሚከፍቱት።