ድግሱ የአንድ ቤት፣ እንግዳው የሰፈር፦ ከትልልቅ ውድድሮች ጎረቤት አገር ምን ያገኛል? (ጥያቄና መልስ)

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ደቡብ አፍሪካ በ2010 የዓለም ዋንጫን ስታሰናዳ «ውድድሩ የመላው አፍሪካ ነው» ይባል ነበር። ለጎረቤቶቿ በእርግጥ ጠብ ያለ ነገር ነበር?

መልስ፦ ነበር፤ ከተወራው ግን በጣም ያነሰ ነው። ካርታውን ላየ ሰው ሁሉም ነገር የተመቻቸ ይመስላል። የኔልስፕሩት ስታዲየም ከሞዛምቢክ ዋና ከተማ ከማፑቶ የሚርቀው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላዋ የጨዋታ ከተማ ፖሎክዋኔም ከዚምባብዌ ድንበር የምትርቀው ያንኑ ያህል ሲሆን፣ ብሎምፎንቴን ደግሞ ለሌሶቶ ዋና ከተማ ለማሴሩ ከዚያም ትቀርባለች። ይሁን እንጂ ከ64ቱ ጨዋታዎች አንዱም ድንበር አልተሻገረም፤ ተመልካቹም ሊሻገር ሲያስብ የየአገሩ ቪዛ ይጠብቀው ነበር። የደቡባዊ አፍሪካ መንግሥታት «ዩኒቪዛ» የተባለ የጋራ የቱሪስት ቪዛ ለዋንጫው ለማድረስ አስበው ሳይሳካላቸው ቀረ። ዛምቢያና ዚምባብዌ በጋራ ቪዛ መጠቀም የጀመሩት በ2014 ነው፤ ድንኳኑ ከፈረሰ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የተገኘውንም መካድ አይገባም። ብራዚል ለውድድሩ ስትዘጋጅ ሐራሬ ላይ ከዚምባብዌ፣ ዳሬሰላም ላይ ከታንዛኒያ ጋር ተጫውታለች። አስተናጋጆቹ 3 ለ 0 እና 5 ለ 1 ቢሸነፉም፣ የብራዚልን ቡድን በገዛ ሜዳ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ፊፋም በአህጉሩ አገሮች ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ሜዳዎችን አሠርቷል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የበለጠው ትርፍ እነዚህ ሜዳዎች ናቸው፤ ጎብኚ ሲሄድ ሜዳ ይቀራልና።

ጥያቄ፦ ከቴሌቪዥን መብት ሽያጭ ለጎረቤት የሚደርስ ድርሻ የለም?

መልስ፦ የለም። የስርጭትና የስፖንሰርነት መብቱ የፊፋ ነው፤ ከ2007 እስከ 2010 ባሉት አራት ዓመታት ድርጅቱ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ጎረቤት ሊሻማ የሚችለው ከጎብኚው ኪስ የሚወጣውን ነው፦ የአልጋ፣ የአውሮፕላን፣ የምግብና የሽርሽር ገንዘብ።

ጥያቄ፦ አንድም ጨዋታ ሳያስተናግድ ብዙ የተጠቀመ አገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ በ2022 የኳታር ጎረቤቶችን፣ በተለይም ዱባይን ተመልከቱ። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከ2017 እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ ከኳታር ጋር ድንበርም ሰማይም ተዘጋግተው መቆየታቸው ነው። ፊፋ ውድድሩን ወደ 48 ቡድን አሳድጎ ጨዋታዎችን ለጎረቤት አገሮች የማካፈል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በ2019 ግን ሐሳቡን ተወው። ዕርቁ በወረደ በሁለት ዓመት ውስጥ ከዱባይ፣ ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከኩዌትና ከኦማኗ ሙስካት በጨዋታ ቀን ተመልካች የሚያመላልሱ በቀን ከ160 በላይ የደርሶ መልስ በረራዎች ታቀዱ። ጠዋት ከዱባይ ተነሥቶ፣ ዶሃ ጨዋታ አይቶ፣ ማታ ዱባይ የሚያድር ሰው ማለት ነው። ለተመልካች የተሰጠው «ሃያ» የተባለው ካርድም ሳዑዲና ኤምሬቶች ለመግባት መንገድ ይከፍት ነበር። አርጀንቲና የመጨረሻ የወዳጅነት ጨዋታዋን አቡ ዳቢ ላይ፣ ጀርመንም ሙስካት ላይ አድርገዋል።

ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስታነጻጽሩት ምሥጢሩ ይገለጣል። ኳታር ትንሽ ናት፤ አልጋ ጎደላት፣ የነበረውም ተወደደ። ደቡብ አፍሪካ ግን ሰፊ ናት፤ ለውድድሩ የመጣው የውጭ ጎብኚም ከ300 ሺህ ብዙም ያልዘለለ፣ ከተተነበየው በእጅጉ ያነሰ ስለነበር ወደ ጎረቤት የሚተርፍ እንግዳ አልነበራትም። ለጎረቤት የሚተርፈው ባለድግሱ ቤት ሲጠብበው ነው። ያን ጊዜም ቢሆን በሩ ቀድሞ የተከፈተ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ እርስዎ የሚያነሱት ስለ ሀብታም አገሮች ነው። አቅም የሌላቸውስ በር መክፈት ይችላሉ?

መልስ፦ በር መክፈት እኮ ከስታዲየም ይረክሳል። በ2007 የክሪኬት ዓለም ዋንጫ በካሪቢያን ደሴቶች ሲካሄድ፣ አሥር አገሮች ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ሜይ 15 ራሳቸውን እንደ አንድ አገር ቆጠሩ። መንገደኛው መጀመሪያ በገባበት ደሴት አንዴ ይፈተሻል፤ ከዚያ ወዲያ ከደሴት ደሴት እንደ አገር ውስጥ ተጓዥ ይዘዋወራል። ዶሚኒካ የውድድር ጨዋታ አልደረሳትም፤ ሆኖም ከአሥሩ አንዷ ነበረች። ትኬቱ ተወድዶ ብዙ ወንበር ባዶ መዋሉ ውድድሩን አስነቅፎታል፤ የድንበሩ ሥራ ግን እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ጨዋታዎቹን ራሳቸውን አይካፈሉም?

መልስ፦ ይካፈላሉ እንጂ፤ ኮሪያና ጃፓን በ2002 አሥር አሥር ስታዲየም ይዘው አዘጋጅተዋል። ዳሩ ግን ጨዋታ የሚካፈል ሥጋቱንም ይካፈላል። በ2003 ደቡብ አፍሪካ የክሪኬት ዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ ለዚምባብዌና ለኬንያ ጨዋታዎች ደርሰዋቸው ነበር። እንግሊዝ ሐራሬ፣ ኒውዚላንድም ናይሮቢ አልሄድም ብለው ነጥባቸውን በፎርፌ አጡ። ኬንያ በነጥቡ ተጠቅማ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። ለዚያ ቀን እንግዳ የጠበቀው የናይሮቢ ነጋዴ ግን ከፎርፌ ነጥብ የሚያገኘው ነገር አልነበረም።

ጥያቄ፦ አንድ ጨዋታ ብቻ ማስተናገድስ ይቻላል?

መልስ፦ በ2030 ኡራጓይ፣ አርጀንቲናና ፓራጓይ አንዳንድ ጨዋታ አላቸው። ያ ግን ለዓለም ዋንጫው መቶኛ ዓመት መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ዋናዎቹ አዘጋጆች ሞሮኮ፣ ስፔንና ፖርቱጋል ናቸው፤ ከሦስቱ የደቡብ አሜሪካ አገሮች የሚለያቸውም ውቅያኖስ ነው። ጉርብትና አልለውም።

ጥያቄ፦ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ የሚያዘጋጁት የ2027 የአፍሪካ ዋንጫስ? ምኑን እንከታተል?

መልስ፦ ቪዛውን። ከስታዲየሙ ይልቅ እሱን ተከታተሉ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከ2014 ጀምሮ በ100 ዶላር ሦስቱንም አገር ለ90 ቀን የሚያስጎበኝ የጋራ የቱሪስት ቪዛ አላቸው። ታንዛኒያ በዚህ ውስጥ አልገባችም። በዚሁ ከቀጠለ፣ ካምፓላ ጨዋታ ያየ የውጭ ቱሪስት ምንም ወደማታዘጋጀው ወደ ኪጋሊ በያዘው ቪዛ ይሻገራል፤ ወደ አዘጋጇ ዳሬሰላም ለመሄድ ግን ሌላ ቪዛ ያወጣል። የሩዋንዳ ሆቴሎች ይህን ሳያሰሉት የቀሩ አይመስለኝም።