ባለቤት በሌለው ኔትወርክ ላይ ሰው ሲያስቸግርሽ ለማን አቤት ትያለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ማስቶዶን (በአንድ ኩባንያ ሳይሆን የየራሳቸው አስተዳዳሪ ባላቸው፣ እርስ በርስ በተገናኙ ብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራ ማኅበራዊ ሚዲያ) ላይ አንድ ሰው ከሌላ ሰርቨር እየመጣ ፖስቶችሽ ስር ይሳደባል። ብሎክ ስታደርጊው በአዲስ አካውንት ይመለሳል። ሪፖርት ስታደርጊ ያንቺ ሰርቨር አስተዳዳሪ (አድሚን) «ልጁ የኛ ሰርቨር ላይ አይደለም» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው፣ የልጁ ሰርቨር ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከዚያ «ዋና መሥሪያ ቤት በሌለበት ቦታ ተጠያቂው ማነው?» ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ ለዓመታት አንድ መካከለኛ ሰርቨር ላይ ሪፖርት ከሚያዩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ የማየውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ የአድሚንሽ መልስ ውሃ አያነሳም። እውነት ነው፣ የሌላ ሰርቨር አካውንት ከምድረ ገጽ ማጥፋት አይችልም። ግን ያ አካውንት እናንተ ሰርቨር ላይ ማንም ጋ እንዳይደርስ ማገድ ይችላል። የማንንም ፈቃድ አይፈልግም፣ ደቂቃም አይፈጅበትም። ያልተማከለ ኔትወርክ ማለት እኮ ይሄው ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ተጠቃሚዎች ብቻ ሳይሆን ወደ እነሱ የሚገባውንም ነገር ያስተዳድራል። በር ከፍቶ ሰው ያስገባ አድሚን፣ ያስገባቸውን ሰዎች ከሚያስቸግር የመጠበቅ ዕዳ አለበት። «የኛ አይደለም» የሚለው ቃል ከዚህ ዕዳ ነፃ አያወጣውም።

ስለዚህ አቤት የምትይው በቅድሚያ ለራስሽ ሰርቨር ነው። አንዴ ዘጋው ብለሽ እንዳትተዪው። ግን በደንብ የተጻፈ ሪፖርት ላኪ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

እኛ ጋ የሚመጣው ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ አንድ ፖስት ብቻ ተያይዟል፣ ፖስቱ «ዛሬም አልተኛሽም?» ይላል፣ ማብራሪያው ደግሞ «ይሄ ሰው ሰላም ነስቶኛል» ነው። ሞደሬተሩ (ሪፖርቱን የሚመረምረው ሰው) ምን ያያል? አንድ ተራ ጥያቄ። ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም። ሪፖርቱን ይዘጋዋል። አሁን ያንኑ ፖስት ከሌሎቹ ጋር አስቢው። ሪፖርት ስታደርጊ ብዙ ፖስቶችን መምረጥ ይቻላል። የሰውየውን ፖስቶች በሙሉ መርጠሽ፣ «ብሎክ ካደረግሁት በኋላ የተከፈተ ሦስተኛ አካውንት ነው፣ የቀድሞዎቹ ሊንክ ይኸውና፣ ሁሌም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው የሚጽፈው» ብለሽ ብትጽፊ፣ ያ «አልተኛሽም?» የሚለው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። ሞደሬተሩ የሚያየው አንድ አረፍተ ነገር ሳይሆን አንድን ሰው ሌት ተቀን የሚከታተል ሰው ነው። ሰውየው ፖስቱን ሊያጠፋው ስለሚችል ስክሪንሹትም አስቀሪ።

ሌላው፣ የሌላ ሰርቨር ሰው ሪፖርት ስታደርጊ «ለእሱ ሰርቨርም ይላክ?» የሚል ምርጫ ይመጣል። እሱን ካላበራሽ የዚያኛው ሰርቨር አድሚን ስለ ጉዳዩ ምንም አይሰማም። «መልስ አልሰጡም» ከሚሉኝ ሰዎች መካከል ጨርሶ ያልተላከላቸው ብዙ ናቸው። ከፈራሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ በማስቶዶን አሠራር ሪፖርቱ ወደዚያ የሚሄደው በሰርቨርሽ ስም ነው፣ ያንቺ ስም አብሮ አይሄድም። በእርግጥ ሰውየው የሚተናኮለው አንቺን ብቻ ከሆነ ማን እንደከሰሰው መገመት አያቅተውም፣ ያንን እወቂው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ዝምታ ከሆነ፣ አድሚን ለአድሚን መነጋገር አለ። እኔ የማምነው መንገድ ይሄ ነው። ዝም የሚል ሰርቨር ሁሉ ክፉ አይደለም። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ከሥራ መልስ የሚያስተዳድረው ቦታ ነው፣ ያ ሰው ታሟል ወይ ተሰላችቷል። ማስቶዶን እ.ኤ.አ. በ2019 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው የሰርቨር ቃል ኪዳን፣ በይፋዊ ዝርዝሩ ላይ መግባት የሚፈልግ ሰርቨር ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ሰው ለአስቸኳይ ጊዜ መግቢያ እንዲኖረው፣ ሲዘጋም ለተጠቃሚዎቹ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ስንጽፍላቸውም «ሰውያችሁ ባለጌ ነው» አንልም። «እናንተው የጻፋችሁት ደንብ ተራ ቁጥር ይሄ ትንኮሳን ይከለክላል፣ ይሄው ፖስቶቹ» እንላለን። በራሱ ደንብ የተጠየቀ ሰው መሸሻ የለውም።

ከዚያ በኋላም እምቢ ካሉ ሰርቨሩን በሙሉ ማገድ ይመጣል። ይሄ ከባድ እርምጃ ነው፣ በንዴት የሚወሰድ አይደለም። የሁለቱ ሰርቨር ሰዎች እርስ በርስ መከታተላቸው ይቋረጣል፣ እገዳው ቢነሳ እንኳ የተቋረጠው በራሱ አይመለስም። ድሮ ሰዎች ወዳጃቸው የት እንደጠፋ ሳያውቁ ይቀሩ ነበር፤ በ2024 የወጣው የማስቶዶን ሶፍትዌር 4.3 ስሪት ነው ለተጠቃሚው ማሳወቅ የጀመረው። ከሙሉ እገዳ በታች «መገደብ» የሚባል አለ፦ የዚያ ሰርቨር ሰዎች ከሕዝብ ገጾች ይሰወራሉ፣ የሚከተላቸው ሰው ግን ያያቸዋል። እኛ ሁሌም ከዚህ እንጀምራለን። በ2009 የኖቤል ኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ፣ ለረጅም ጊዜ ከሚዘልቁት የምታገኘው አንድ ነገር በቀላል ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ቅጣት ነበር። የሰርቨር ጉዳይም ከዚህ አይለይም።

ማዕከል ከሌለ አይሠራም የሚሉሽን አትስሚ። በጥላቻ ንግግር የሚታወቀው ጋብ የሚባለው ኔትወርክ በ2019 ወደ ማስቶዶን ሶፍትዌር ሲዞር ማንም ከላይ ትእዛዝ አልሰጠም፣ ሰርቨሮች ግን በየራሳቸው ዘጉት፣ አንዳንድ የስልክ አፕ ሠሪዎችም ጭምር። በ2023 ደግሞ ቢሃው የሚባለው የሌሚ (እንደ ማስቶዶን ያልተማከለ የውይይት መድረክ) ሰርቨር ምዝገባቸው ክፍት ከሆነ ሁለት ትላልቅ ሰርቨሮች ጋር ግንኙነቱን አቋረጠ። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ ግን አክብሬያቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ምክንያታቸውን በግልጽ ጻፉ፦ በዚያ በኩል የሚመጣውን ለመቆጣጠር ሰውም መሣሪያም አልበቃንም አሉ። አንባቢው ሊስማማም ሊከራከርም ይችላል። ተጠያቂነት ለኔ ይሄ ነው፤ የወሰነው ሰው ይታወቃል፣ ለምን እንደወሰነም ተጽፏል።

በተቃራኒው የሚያናድደኝ በጅምላ የሚዞሩ የእገዳ ዝርዝሮች ናቸው። አንዱ አዘጋጅቶት መቶው ይገለብጠዋል፣ ከስሙ ጎን ግን ምክንያት የለም፣ ማስረጃ የለም፣ ይግባኝ የሚባልበት ሰው የለም። ዝርዝር መጠቀም ጥፋት አይደለም። ያልመረመሩትን በራስ ስም ማጽደቅ ግን ኃላፊነት መሸሽ ነው።

ሪፖርትም ራሱ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። በ2018 ተዋናዩ ዊል ዊተን ማስቶዶን ላይ በገባ በአጭር ጊዜ የሪፖርት ጎርፍ ወረደበት፣ አድሚኑ ያንን መቋቋም ስላልቻለ ሰውየው ለቆ ወጣ። ስለዚህ እባክሽ፣ የተናደዱ ወዳጆችሽ ብዙ ሆነው ያንኑ ሰው ሪፖርት እንዲያደርጉ አታሰማሪ፣ ስክሪንሹቱንም «እዩልኝ» ብለሽ አትበትኚው። ሞደሬተሩ መቶ ተመሳሳይ ሪፖርት ሲያይ የመጀመሪያ ጥርጣሬው ዘመቻ ነው፣ ትክክለኛው ጉዳይሽም በዚያ ይበላሻል። በዚያ ላይ የተከሰሰውም ሰው የሚከላከልበት መብት አለው። ከ2022ቱ ማስቶዶን 3.5 ጀምሮ በገዛ ሰርቨሩ የተቀጣ ተጠቃሚ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፣ ይሄንንም እደግፋለሁ።

አድሚንሽ አሁንም ንቅንቅ ካላለ መልቀቅ ትችያለሽ። አካውንት ስታዛውሪ ተከታዮችሽ አብረውሽ ይሄዳሉ፣ የድሮ ፖስቶችሽ ግን እዚያው ይቀራሉ፣ ስለዚህ ቀድመሽ አውርጃቸው። አዲስ ሰርቨር ስትመርጪ የተጠቃሚ ብዛት አይደለም የሚታየው። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ክፈቺ፦ ደንቡ ግልጽ ነው? ያገዷቸውን ሰርቨሮች ከነምክንያቱ ዘርዝረዋል? ከአንድ በላይ አስተዳዳሪ አለ? እኔ ከሆንኩ እነዚህ ሦስቱ ከሌሉበት ቦታ አልገባም።

ለጊዜው ግን ዛሬውኑ ሪፖርቱን ከላይ ባልኩሽ መንገድ እንደገና ጻፊው። ከመላክሽ በፊት ስምና ሊንክ አውጥተሽ እዚህ ለጥፊልን፣ የሰርቨሩንም ደንብ ጨምሪ፣ የትኛው ተራ ቁጥር እንደተጣሰ አብረን እናየዋለን።